ከአያቴ የዋንዛ ጠረጴዛ ቴሌካስተር ልሠራ ነው፣ ከመቁረጤ በፊት ምከሩኝ

ቴሌ ፈላጊዋ፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ቤቴ ውስጥ ከዕቃ ኤሌክትሪክ ጊታር ልገጣጥም ነው። የምፈልገው ቴሌካስተር የሚባለውን ዓይነት ነው፣ ባጭሩ ቴሌ። ሙሉውን እንዳላስመጣ ዋጋውና ቀረጡ ሲደመር ከአቅሜ በላይ ሆነ፣ ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ ቀስ እያልኩ ዕቃውን ለየብቻ ሰበሰብኩ። አንገቱን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። ሜፕል የሚባል እንጨት ነው፣ 21 ፍሬት (በአግድም የተተከሉ ቀጭን ብረቶች)፣ ፍሬቶቹ ተመትተው የገቡለት፣ ስኬሉ (ክሩ የሚርገበገብበት ርዝመት) 25 ተኩል ኢንች። ብሪጁ (ቦዲው ላይ ክሮቹን የሚይዘው ብረት) የድሮው ዓይነት ነው፣ ሦስት የናስ ሳድል (ክሩ የሚያርፍበት) ያለው። ሁለቱ ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት)፣ የመቃኛ ቁልፎቹ፣ ማብሪያው፣ ሽቦው፣ ሁሉም አለ። የቀረው ቦዲው፣ የጊታሩ አካል ማለት ነው፣ እሱ ብቻ ነው።

ለቦዲው ያሰብኩት የአያቴን ጠረጴዛ ነው። ዋንዛ ነው። እግሩ ከተሰበረ ቆይቷል፣ ላዩ ግን ደህና ነው። ሦስት ሳንቃ ነው፣ እያንዳንዱ 22 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ወደ 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከአስር። እናቴ ውሰጂው ብላኛለች። እኔ ግን መጋዝ ባነሳሁ ቁጥር እጄ ይያዛል። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ አያቴ ቡና ስታፈላ እኔ ሀሁ ስጽፍ ትዝ ይለኛል፣ ካበላሸሁት ደግሞ ሌላ የለኝም።

ዋንዛ ለኤሌክትሪክ ጊታር ይሆናል ወይ? የአንገቱን ማስገቢያ እንዴት በልኩ ልቆፍረው? ራውተር (እንጨት መቦርቦሪያ ማሽን) የለኝም፣ ትራፓኖና መሮ ነው ያለኝ። ሲያልቅ የእንጨቱ መልክ እንዲታይ እፈልጋለሁ፣ በምን ልቀባው? ሊድ በይጄ ደግሞ አላውቅም። የምታውቁትን ሁሉ ንገሩኝ።

የሐዋሳው አናጢ

እህቴ፣ ሥራዬ የቤት ዕቃ ነው፣ ለራሴ ደግሞ ሁለት ጊታር ሠርቻለሁ። ስለ እንጨቱ አትጨነቂ። ዋንዛ ጥሩ እንጨት ነው። ከበሮም ቀፎም የሚፈለፈለው ከሱ ነው። በጣም አይከብድም፣ ለመሮ ይመቻል፣ አንዴ ከደረቀ ብዙ አይጣመምም። ያንቺ ደግሞ ለስንት ዓመት ቤት ውስጥ የደረቀ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ እንዲህ የደረቀ ዋንዛ ማግኘት ቀላል አይደለም። እኔ ጋ የሚመጣው ጣውላ እንኳ ወራት ጥላ ውስጥ አስቀምጬው ነው የምሠራበት።

አሁን ልኩን እንይ። የቴሌ ቦዲ ውፍረት 45 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ስፋቱ 33፣ ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። አንድ ሳንቃሽ ውፍረቱ አይበቃም፣ ሁለት ደራርበሽ ታጣብቂያለሽ። እያንዳንዱን 22 ተኩል ሚሊ እስኪሆን ታስልጊያለሽ። ከሦስቱ ሳንቃ እያንዳንዳቸው 45 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ቁራጭ ይወጣሉ። ለቦዲው አራት ይበቃሉ፣ ሁለት ይተርፋሉ። እነዚያን ሁለቱን እንዳትጥያቸው! የአንገት ማስገቢያውንም፣ የብሎን ቀዳዳውንም፣ ቅቡንም መጀመሪያ እነሱ ላይ ሞክሪ። ሌላ የለኝም ብለሽ የፈራሽው ነገር ግማሹ በዚህ ይቀላል።

ስታጣብቂ የላዩና የታቹ መጋጠሚያ መስመር አንድ ቦታ ላይ እንዳይገናኝ፣ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አዛንፊው። ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ሽቦው ከአንገት በኩል ካለው ፒክአፕ ተነስቶ ወደ መቆጣጠሪያው ጉድጓድ በእንጨቱ ውስጥ መሄድ አለበት። ሰው ቦዲው ካለቀ በኋላ በረጅም መሰርሰሪያ በአግድም ሊበሳ ይታገላል። ያንቺ ሁለት ንብርብር ስለሆነ ሳታጣብቂው በፊት በታችኛው ሳንቃ ፊት ላይ በመሮ ቦይ አውጪለት። ሲጣበቅ ተሸፍኖ ይቀራል፣ ሥራውም የአሥር ደቂቃ ነው።

ከመላጊያ በፊት ሚስማር ፈልጊ። አሮጌ ጠረጴዛ ውስጥ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ሚስማር ይደበቃል። ማግኔት ይዘሽ እየጎተትሽ ሂጂ፣ ከያዘ አውጪው።

ማስገቢያውን በተመለከተ፣ በትራፓኖና በመሮ ይቻላል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥልቀቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 56 ገደማ ነው። ግን የኔን ቁጥር አትመኚ፣ የራስሽን አንገት በካሊፐር ለኪ። አንገቱን እንጨቱ ላይ አስቀምጪና ዙሪያውን በቀጭን ቢላ አስምሪ፣ በእርሳስ አይደለም፣ እርሳስ ግማሽ ሚሊ ይበላል። ትራፓኖው ላይ 16 ሚሊ ሲደርስ የሚያቆምሽ ፕላስተር ጠምጥሚና ውስጡን በሰፊ ጫፍ አራግፊው። ግድግዳውን በመሮ ጨርሺ። መስመሩ ላይ ስትደርሺ ፍጥነትሽን ቀንሺ። አንገቱ በእጅ ግፊት ገብቶ፣ ቦዲው ወደ ላይ ሲነሳ ብሎን ሳይኖር የማይወድቅ ከሆነ ጨርሰሻል። ሰፈርሽ ውስጥ ራውተር ያለው የቤት ዕቃ ሠሪ ካለ ደግሞ ከኮምፐርሳቶ ልኩን ቆርጠሽ ውሰጂለት፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ከሜሪላንድ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ጊታር እገጣጥማለሁ፣ እስካሁን ሰባት ሆነዋል። ጋሼ አናጢው ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ አንድ ነገር ላይ ብቻ ልቆይ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያ ጊታሬን ያጠፋሁት እዚያ ላይ ነው። የብሪጁ ቦታ።

ሰው ሁሉ ስለ እንጨትና ስለ ቀለም ይጠይቃል። ጊታር የሚበላሸው ግን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ላይ ነው። አንገቱ ተገዝቶ የመጣ ስለሆነ ፍሬቶቹ ትክክል ናቸው፣ እነሱን ማንም አያበላሽብሽም። የቀረው ብሪጁ ከአንገቱ ጋር ያለው ርቀትና ቅጥ ነው። እሱ ከተዛነፈ የዓለም ምርጥ ፒክአፕ ብታስገቢም ጊታሩ ቅኝት አይገባም።

ስኬልሽ 25 ተኩል ኢንች ማለት 648 ሚሊ ሜትር ነው። ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት ደፍ) እስከ 12ኛው ፍሬት 324 ነው። ከ12ኛው ፍሬት እስከ ሳድሉ ደግሞ እንደገና 324፣ በተጨማሪ ትንሽ ማካካሻ። ክር ፍሬት ላይ ሲጫኑት ስለሚወጠር ድምፁ ትንሽ ይወጣል፣ ስለዚህ ሳድሉ ወደ ኋላ ይሸሻል። ቀጭኗ ክር አንድ ሁለት ሚሊ ትፈልጋለች፣ ወፍራሙ አራት አምስት። ስለዚህ ብሪጁን ከመብሳትሽ በፊት የቀጭኗን ሳድል ወደ አንገቱ እስከ መጨረሻው ቅርብ ድረስ አምጪና ያ ነጥብ 648 ላይ እንዲውል ብሪጁን አስቀምጪ። ከዚያ ወደ ኋላ መሸሻ ሙሉ ቦታ ይኖርሻል። ወደ ፊት መምጫ ግን ከዚያ በኋላ የለም።

ደግሞ ቅደም ተከተሉ። መጀመሪያ አንገቱ ይግባ፣ በብሎን ይታሰር። ከዚያ ብቻ ብሪጁን ለኪ። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች በአንገቱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ አስደግፈሽ እስከ ብሪጁ ድረስ ዘርጊ፣ የብሪጁ መሃል የሁለቱ መሃል ላይ መሆን አለበት። ከዚያ ደግሞ ዓይንሽን አትመኚ፣ በ1ኛውና በ6ኛው ክር ቦታ ሁለት የስፌት ክር ከነቱ እስከ ሳድሉ ወጥሪ። ሁለቱም ከአንገቱ ጠርዝ እኩል ይራቁ። አንዱ ወደ ጠርዙ ከቀረበ ሳትበሺ በፊት አንገቱን ትንሽ አዙሪ። የድሮው ብሪጅ ክሩ በቦዲው ውስጥ አልፎ ከኋላ ስለሚወጣ ስድስት ቀዳዳ ቀጥ ብሎ መበሳት አለበት። እነዚያን በእጅ ትራፓኖ አትሞክሪያቸው፣ የብረት ወርክሾፕ ሄደሽ በቋሚ መሰርሰሪያ አስበሺ።

ለአንገቱ አራት ብሎን ነው፣ 45 ሚሊ ርዝመት። ቦዲው ላይ ያለው ቀዳዳ ብሎኑ ሳይነክስ በነፃነት የሚያልፍበት ይሁን። አንገቱ ላይ ያለው ደግሞ ወደ 3 ሚሊ። ቦዲውም ከነከሰ በመሃል ክፍተት ይቀራል፣ አንገቱ አይጨብጥም። ሜፕል ጠንካራ ስለሆነ ብሎኑን ጧፍ ቀቢው፣ በቀላሉ ይገባል። ሳሙና አይሁን፣ እርጥበት ይስባል፣ ብሎኑ ይዝጋል።

የቴሌካስተር ፈጣሪ ሊዮ ፌንደር ራሱ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ይህ ጊታር እ.ኤ.አ. በ1950 ሲወጣ አንገቱን በኮላ ሳይሆን በብሎን ያሰረው፣ ሲበላሽ ፈትቶ ለመቀየርና በፍጥነት ለማምረት እንዲመች ብሎ ነው። አንቺ ዛሬ አንገት በሻንጣ አስመጥተሽ መግጠም የምትችይው ያኔ እንዲያ ስላሰበ ነው። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌ ደስ ይለኛል።

ቴሌ ፈላጊዋ፣ አዲስ አበባ

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ተረፉት ሁለት ቁራጮች ሳነብ ተነፈስኩ። ማግኔት አዙሬ ሦስት ሚስማር አገኘሁ፣ አንዱ ከላይ ጭራሽ አይታይም ነበር።

ስለ ሽቦውና ስለ ቅቡ የሚያውቅ ካለ?

ሊድና ሽቦ፣ አዳማ

ሬዲዮና አምፕሊፋየር ነው የምጠግነው። የቴሌ ሽቦ ከሁሉም ጊታር ይቀላል። አንድ የድምፅ፣ አንድ የቶን መቆጣጠሪያ፣ ሁለቱም 250 ኪሎ ኦም። አንድ ካፓሲተር፣ 0.047 ወይም 0.022 ማይክሮፋራድ። አንድ ባለ ሦስት ቦታ ማብሪያ። አንድ ጃክ። በቃ።

በይደሽ ስለማታውቂ ጊታሩ ላይ አትለማመጂ። ምናለሽ ተራ ሄደሽ የሞተ የሬዲዮ ቦርድ በጥቂት ብር ግዢ፣ አንድ ምሽት ሙሉ እየፈታሽ እየበየድሽ ዋይ። ሰው ሁሉ የሚቸገረው የመቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ ምድር ሽቦ ሲያጣብቅ ነው። ያ ጀርባ ሰፊ ብረት ነው፣ ሙቀቱን ይጠጣል። በትንሽ መበየጃ ደቂቃ ሙሉ ከያዝሽበት ሊዱ ሳይቀልጥ ውስጡ ይቃጠላል። ባለ 60 ዋት፣ ጫፉ ሰፋ ያለ ተጠቀሚ። ጀርባውን መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው፣ ከዚያ ሦስት አራት ሰከንድ ይበቃል። ጥሩ ብየዳ ያበራል፣ ዙሪያውን ተደፍቶ ይይዛል። እንደ ጠብታ ቆሞ ከቀረ አልያዘም፣ ድገሚው።

ከብሪጁ ሥር አንድ ሽቦ ወደ ምድር መሄዱን አትርሺ። ብዙ ጊዜ የብሪጁ ፒክአፕ ሥር ያለው ብረት በራሱ ብሎን ከብሪጁ ጋር ያገናኘዋል፣ ግን እሱን አምነሽ አትተይው፣ በቴስተር ለኪ። ጊታሩን ስትነኪው ጉምጉምታው ከቀነሰ ምድሩ ደርሷል። ስትነኪው ከጨመረ የሆነ ቦታ ሽቦ ተገልብጧል። ጉድጓዶቹን በመዳብ ቴፕ ማልበስ ይረዳል። ቴፑ ራሱ ከምድር ጋር ካልተገናኘ ግን ምንም አይሠራም።

ክር ሳትወጥሪ በፊት ሞክሪው። ድምፁን ከፍተሽ በጃኩ ሁለት ጫፍ ላይ ቴስተር አድርጊ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ ኦም አካባቢ ካነበበ ፒክአፑ ደርሷል። ዜሮ ካለ ተነካክቷል፣ ምንም ካላለ ወይም ወደ 250 ኪሎ ኦም ካነበበ ተቆርጧል። ከዚያ አምፕ ላይ ሰክተሽ በካቻቢቴ ፒክአፑን ነካ ነካ አድርጊ፣ ጠብ ጠብ ይላል።

አንድ ከልቤ የምነግርሽ ነገር አለ። ምድር ሽቦ በሌለው ሶኬት አምፕ ሰክተሽ አትጫወቺ፣ በተለይ ማይክ ከፊትሽ ካለ። የጊታሩ ክር ከአምፑ ብረት ጋር የተገናኘ ነው። አምፑ ከተበላሸ እጅሽ ክሩ ላይ፣ ከንፈርሽ ማይኩ ላይ ሆኖ ኤሌክትሪኩ በአንቺ በኩል ያልፋል። ሰው በዚህ ሞቷል። የቤትሽን ሶኬት አስፈትሺ።

መኪና ቀለም ቀቢ፣ ባሕር ዳር

ስለ ቅቡ እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ጊታር የሚነካ፣ የሚላብ፣ የሚጋጭ ዕቃ ነው። የመኪና ባለ ሁለት ክፍል ክሊር (ቀለም የሌለው አብሪ ቅብ) ብታስረጪው ዕድሜ ልክሽን አትጠግኚውም። ስቱኮ ሳይገባበት ዋንዛው እንዳለ ይታያል፣ በ1500 እና በ2000 ወረቀት በውኃ ተፈግፍጎ በኮምፓውንድ ሲታሽ መስታወት ይሆናል። ግን ይህን ቤትሽ ውስጥ ራስሽ አትርጪው። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው ኬሚካል ሳንባ ይጎዳል፣ የወረቀት ጭንብል አያቆመውም። ጋራዥ ውሰጂው፣ ትክክለኛ ጭንብል ላለው ሰው ስጪው። የአንገቱን ማስገቢያ ደግሞ በፕላስተር አሽጊው፣ እዚያ ክሊር ከገባ አንገቱ አይገባም።

የሐዋሳው አናጢ

ወንድሜ ያለው ስህተት የለበትም፣ ለጥንካሬ ከሆነ እሱ ይበልጣል። እኔ ግን የአያት ጠረጴዛ ነው ስትል ሐሳቤ ወደ ሼላክ፣ በስፕሪት ወደሚሟሟው የድሮ ቅብ ሄደ። የድሮ አናጢዎች ስንት ቁም ሳጥን በሱ አብርተዋል። ማሽን አይፈልግም፣ ስፕሪት (አልኮል) እና ጨርቅ ብቻ። ቢጫረር ደግሞ እዚያው ላይ ታድሺዋለሽ፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሟሙቶ አንድ ይሆናል። የመኪናው ክሊር ይህን አያደርግም።

በአንድ ሊትር ስፕሪት 200 ግራም ያህል የሼላክ ቅርፊት ጨምሪ፣ ሌሊቱን ይደር፣ በቀጭን ጨርቅ አጥሪው። የምትጨርሺውን ያህል ብቻ በጥብጪ፣ ወራት የቆየ ሼላክ አይደርቅም፣ እንደተጣበቀ ይቀራል። የእንጨቱን ፊት በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምረሽ በ180፣ በ240፣ በ320 ጨርሺ፣ ሁሌ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ። ዋንዛ ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ መጀመሪያ ሼላክ ቀብተሽ ገና እርጥብ እያለ በ320 ፈግፍጊው። የራሱ ዱቄት ከሼላኩ ጋር ሆኖ ቀዳዳውን ይሞላል፣ ቀለሙም ከእንጨቱ አይለይም። ይህን ሦስት አራት ጊዜ። ከዚያ ጥጥ በተጠቀለለበት፣ ብዙ ጊዜ በታጠበ የጥጥ ሸሚዝ ቁራጭ በስሱ በስሱ እየደረብሽ ሂጂ። ጨርቁ እንጨቱ ላይ ቆሞ እንዳይቀር፣ ከቆመ ያለፈውን ያነሳዋል።

ድክመቱንም ልንገርሽ። አልኮል ይጎዳዋል። የእጅ ሳኒታይዘር ቀብተሽ ወዲያው ጊታሩን ከያዝሽ ምልክት ይጥላል። ሙቀትም አይወድም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ አትቀቢ፣ በእርጥበት ይነጣል፣ ናይትሮ የሚባለው ቅብም እንደዚያው ነው። ጥቅምት ጠብቂ።

የተልባ ዘይት የሚሉሽ ካሉ እሱም ይሆናል፣ የተፈላውን ግን። ጥሬው ለሳምንታት አይደርቅም። ዘይት የነካ ጨርቅ ደግሞ ጨምድደሽ ጥግ ላይ አትጣይ፣ ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ እሳት ይነሳል። ውኃ ውስጥ ንከሪው ወይም ዘርግተሽ ደጅ አድርቂው።

ቴሌ ፈላጊዋ፣ አዲስ አበባ

ከአምስት ወር በኋላ ተመለስኩ። አለቀ! ማለት ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል።

ማስገቢያውን በተረፈው ቁራጭ ላይ ሁለት ጊዜ ቆፈርኩ። የመጀመሪያው ሰፋ፣ ሁለተኛው ልክ መጣ። እውነተኛው ላይ ሦስት ምሽት ፈጀሁ፣ አንገቱ ገብቶ ቦዲውን ይዞ ሲነሳ እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ሼላኩን ጥቅምት ላይ ጀመርኩ፣ አሥራ ሁለት ድርብ ሆነ። ዋንዛው ማር መሰለ። ጠረጴዛው ላይ የቡና ስኒ ያስቀመጠችበት ክብ ምልክት ነበር፣ በመላጊያ ሲነሳ አብሮ ይጠፋል ብዬ ነበር፣ ጥላው ቀርቷል። ከብሪጁ ጀርባ በኩል እንዲውል አድርጌ ነው የቆረጥኩት።

ሁለት ነገር ግን አስቸገረኝ። አንደኛው፣ ማብሪያውን መሃል ላይ ሳደርገው፣ ሁለቱም ፒክአፕ ሲሠሩ ማለት ነው፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ቤዙ ይጠፋል። ለየብቻ ግን ሁለቱም ደህና ናቸው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ክር አንድ ሳድል ላይ ናቸው፣ አንዱን 12ኛው ፍሬት ላይ ሳስተካክል ሌላው ይዛባል። ትዝታ ስጫወት ሦስተኛዋ ክር ላይ ጆሮዬን ትወጋኛለች።

ሊድና ሽቦ፣ አዳማ

እንኳን ደስ ያለሽ! መሃል ላይ መቅጠኑ ሁለቱ ፒክአፖች ስለሚጣሉ ነው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጎትታል፣ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ከተለያየ ቦታ የተገዙ ፒክአፖች ላይ ያጋጥማል። መፍትሔው የአንዱን ሁለት ሽቦ መገልበጥ ነው።

ግን ቆይ፣ ዝም ብለሽ አትገልብጪ። የአንገቱ ፒክአፕ ላይ ያለው የብረት ክዳን ከምድር ሽቦው ጋር በትንሽ ሽቦ ተያይዟል። እንዲሁ ከገለበጥሽው ክዳኑ ድምፅ ተሸካሚ ይሆናል፣ በነካሽው ቁጥር ይጮሃል። መጀመሪያ ያችን ትንሽ መገናኛ ቁረጫት፣ ለክዳኑ ሦስተኛ ሽቦ በይጂለትና በቀጥታ ወደ ምድር ውሰጂው። ከዚያ ሁለቱን ገልብጪ። የፒክአፑ ሽቦ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ እዚያ አካባቢ እጅሽ ቀስ ይበል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

የስኒው ምልክት ያለውን ሳነብ ደስ አለኝ።

ስለ ሳድሉ፣ ይህ የድሮው ብሪጅ ጠባይ ነው። ጊታሩ ሲፈጠር ሦስተኛው ክር እንደ አራተኛው የተጠቀለለ (በላዩ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት) ነበር፣ ሁለቱ አንድ ሳድል ላይ ይስማሙ ነበር። ዛሬ ሦስተኛው ክር ባዶ ሽቦ ነው፣ ባዶው ደግሞ ከተጠቀለለው የበለጠ ወደ ኋላ መሸሽ ይፈልጋል። ዘንበል ያለ የናስ ሳድል ይሸጣል፣ ሦስት ትናንሽ ብረቶች ናቸው፣ ሰው ሲመጣ በኪሱ ይይዝልሻል። ወይም የተጠቀለለ ሦስተኛ ክር አስገቢ፣ ለትዝታ እንዲያውም ድምፁ ክብ ይሆንልሻል፣ ክሩን መጎተት ግን ይከብዳል። እስከዚያው ልዩነቱን ለሁለቱ አካፍይ። 12ኛው ፍሬት ላይ ድምፁ ከወጣ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ከወረደ ወደ ፊት። ሁሌ በአዲስ ክር ለኪ፣ ያረጀ ክር ይዋሻል።

የአንገቱን ቅስትም አሁን እዪው። 10 ቁጥር ክር ስድስቱ አንድ ላይ ወደ 47 ኪሎ ይጎትታሉ፣ አዲስ አንገት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይንቀሳቀሳል። 1ኛውንና የመጨረሻውን ፍሬት አንድ ላይ ተጫኚ፣ 7ኛው ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ሩብ ሚሊ ያህል ክፍተት ይኑር። ከበዛ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ ሩብ ዙር አጥብቂ፣ ከዚያ ለአንድ ቀን ተይው። ክረምት ሲገባ እንደገና ታዪዋለሽ።

ክራር ተማሪ

ይቅርታ በመሃል ስለገባሁ። በዚሁ መንገድ ክራር ላይ ፒክአፕ ማድረግ ይቻላል?

ሊድና ሽቦ፣ አዳማ

ክሩ ምንድን ነው? የብረት ከሆነ ይቻላል፣ ፒክአፑ የሚሰማው ብረት ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ናይለን ወይም ጅማት ከሆነ በማግኔት አይሰማም፣ ድልድዩ ሥር የሚገባ ፒዬዞ (ንዝረትን በግፊት የሚሰማ ፒክአፕ) ያስፈልግሃል። እሱን በአዲስ ርዕስ ጠይቅ፣ በሥዕል አሳይሃለሁ።

ቴሌ ፈላጊዋ፣ አዲስ አበባ

የክዳኑን ሽቦ ቆርጬ ለየሁት፣ ገለበጥኩት፣ ሠራ! መሃል ላይ ያለው ድምፅ አሁን ከሦስቱም የምወደው ሆኗል። የሳሎኑን ሶኬት ኤሌክትሪሻን አይቶት ምድር ሽቦው ጭራሽ አልተያያዘም ነበር፣ አያይዞልኛል። ዘንበል ያሉትን ሳድሎች የአክስቴ ልጅ ለገና ይዞ ይመጣል። የተረፉት ሁለት ቁራጮች አንዱ ሁለት ጉድጓድ አለው፣ ሌላው ደህና ነው፣ ደህናውን ለእናቴ የቡና ረከቦት ክዳን እያደረግኩላት ነው፣ ሼላኩም ተርፎኛል።